ጎጆአቸውን አይተን የማናውቃቸው ወፎች

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሽንኩርት አለማለሁ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ሜዳው ውሃ ሲተኛበት፣ ቡናማ እግረ ረጃጅም ወፎች በመንጋ ይመጣሉ። ትልልቅም ትንንሽም አሉባቸው፤ ግን አብረው ነው የሚውሉት። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ብድግ ብለው ይጠፋሉ። ጎጆአቸውንም ጫጩታቸውንም አይቼ አላውቅም። አባቴ ‹ድሮ ሜዳውን ያለብሱት ነበር› ይላል። ምን ወፍ ናቸው? የት ነው የሚፈለፍሉት? እያለቁ ነው ወይ? ፎቶ ልኬያለሁ።»

ወንድሜ፣ አንተ ብዬ ስጽፍልህ ቅር አይበልህ። ጋሼ ካልከኝ በኋላ አንቱ ማለቱ ከበደኝ።

ፎቶህ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ግን ችግር የለም። ግማሹን መልስ አንተው ጽፈኸዋል። «ትልልቅም ትንንሽም አሉባቸው፤ ግን አብረው ነው የሚውሉት» ብለሃል። ሁለት ዓይነት ወፍ አይደሉም። ትልልቆቹ ወንዶቹ ናቸው፣ ትንንሾቹ ሴቶቹ። ወንዱ ወደ 180 ግራም ይመዝናል፤ ሴቷ ከ110 ብዙም አትርቅም። ከውሃ ዳር ወፎች መካከል ወንዱ ከሴቷ እንዲህ የሚገዝፍበት ዝርያ እምብዛም ነው።

ስሙ ራፍ ነው። እንግሊዞች በአንገት ዙሪያ የሚጠለቀውን የተሸበሸበ የድሮ ኮሌታ ራፍ ይሉታል፤ ወፉም በዚሁ ስም ይጠራል። ሳይንሳዊ ስሙ ካሊድሪስ ፑግናክስ ነው። ፑግናክስ ማለት ጠበኛ፣ ተደባዳቢ ማለት ነው። ሆላንዶች ደግሞ ኬምፕሃን፣ ተዋጊ አውራ ዶሮ፣ ይሉታል። አንተ ሜዳ ላይ ጭቃ እየቆነጠረ የሚውለውን ጭምት ወፍ ላየ ሰው ይህ ሁሉ ስም ማጥፋት ሊመስለው ይችላል። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ እርግጠኛ እንሁን። ነገ ጠዋት ስትወርድ እንዲህ አድርገህ እየው። ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ያንሳል፣ አንገቱ ረዘም ይላል፣ ሆዱ ወደ ታች ዘርጠጥ ያለ ነው። የጀርባው ላባ እያንዳንዱ ዳር ዳሩ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ጀርባው የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ነፋስ ሲመታው ያ የጀርባ ላባ ብድግ ይላል። አንዳንዱ ወንድ አንገቱ ወይም ጭንቅላቱ ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ወፍ ነው ብለህ እንዳትሸወድ። የእግሩ ቀለምም አያደናግርህ። በዕድሜ የበሰሉት ብርቱካናማ፣ የወጣቶቹ አረንጓዴ ቢጤ ነው። ሲነሣ ደግሞ ጭራውን እይ። በግራና በቀኝ ሁለት ነጭ እንቁላል መሳይ ምልክት ይታይሃል። ይህን ካየህ ጨርሰሃል። ሌላው ምልክት ዝምታው ነው። ሌሎቹ የውሃ ዳር ወፎች ገና ከሩቅ ሲያዩህ ያፏጫሉ። ራፍ ግን መንጋው በሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ነው ብድግ የሚለው።

አሁን ወደ ጎጆው። ጎጆውን ያላየኸው ጎጆው እዚህ ስለሌለ ነው። ራፍ የሚፈለፍለው ከሰሜን አውሮፓ ተነሥቶ በሩሲያ በኩል እስከ ሩቅ ሳይቤሪያ በተዘረጋው ረግረግና ዛፍ አልባ የበረዶ ምድር ላይ ነው። ከዓለም ራፎች አብዛኞቹ ሩሲያ ውስጥ ነው የሚፈለፍሉት። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚመጡትም በአመዛኙ የሳይቤሪያዎቹ ናቸው፤ ኬንያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እግራቸው ላይ መለያ ቀለበት የታሰረላቸው ራፎች ሳይቤሪያ ድረስ ተገኝተዋል። ከአንተ ማሳ እስከዚያ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ከሁለት ብርቱካን የማይበልጥ ክብደት ያለው ፍጡር ነው።

እዚያ ሲደርስ ወንዱን ብታየው አታውቀውም። አንገቱ ዙሪያ ትልቅ የላባ ካባ ያወጣል፤ ጆሮው ላይ ሁለት ጉንጉን ይቆማል። ጎፈር የለበሰ አርበኛ በለው። ፊቱ ላባው ይረግፍና ኪንታሮት መሳይ ነገር ያወጣል። የካባው ቀለም ደግሞ ከወፍ ወፍ ይለያያል፤ ጥቁር፣ ቀይ ቡኒ፣ ዥንጉርጉር፣ ነጭ። ሁለት አንድ ዓይነት ወንድ ማግኘት ከባድ ነው።

ግንቦት ላይ ወንዶቹ በየዓመቱ ወደሚታወቅ አንድ የሣር ጉብታ ይወጣሉ። የጭፈራ ሜዳ ልንለው እንችላለን። ጥቁርና ቡኒ ካባ ያላቸው እያንዳንዳቸው እንደ መደብ የሚያክል ቦታ ይይዙና ይጠብቃሉ። ይዘላሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ ይደባደባሉ፣ ካባቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ይደፋሉ። ይህ ሁሉ ያለ ድምፅ ነው። ሴቶቹ መጥተው ያያሉ፣ ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ ወንዱ የለም። ሴቷ ብቻዋን ሣር ውስጥ መሬት ላይ 4 እንቁላል ትጥላለች፣ ሦስት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቹንም ብቻዋን ታሳድጋለች። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ራሳቸው ለቅመው ይበላሉ፤ በአራት ሳምንት ግድም ይበራሉ። መርጣለች ስልህ አንድ ብቻ መርጣለች ማለቴ አይደለም። በዘረ መል ሲመረመር ከግማሽ በላይ በሆኑ ጎጆዎች ውስጥ የጫጩቶቹ አባት ከአንድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ወፍ በሳይንስ ዓለም ዝነኛ ያደረገው ግን የወንዶቹ ነገር ነው። ትንሽ ልቆይበት፤ እኔ ራሴ የምወደው ወሬ ስለሆነ።

ሦስት ዓይነት ወንድ አለ። አንደኛው ያ ተደባዳቢው ነው፤ ከወንዶቹ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው። ሁለተኛው ነጭ ወይም ፈዛዛ ካባ ያለው ነው። የራሱ መደብ የለውም። ከአንዱ ባለ መደብ ጎን ይቆማል፣ አብሮት ይጎነበሳል፣ ያጅበዋል። ሁለት ሆነው ሲያሳምሩ ሴቶቹ ይሳባሉ፤ ባለ መደቡም ለዚህ ብሎ ይታገሠዋል። ባለ መደቡ ከጎረቤት ጋር ሲደባደብ ግን ነጩ ጊዜ አያጠፋም። ሙሽራዋ ላይ ዓይኑን የጣለ ሚዜ ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ካባ የሚባል ነገር የለውም። ሴት ነው የሚመስለው፤ መጠኑም ከሴቷ እምብዛም አይበልጥም። ከወንዶቹ 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ማንም ሳይጠረጥረው መሀል ገብቶ ጉዳዩን ይፈጽማል። ዮፕ ዩከማና ቴውኒስ ፒርስማ የሚባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ይህን ሦስተኛ ወንድ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አስበው፤ ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ ለወፉ ሳይንሳዊ ስም ካወጣለት ከ1758 ጀምሮ እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት እያዩት ሴት ናት ብለው ሲያልፉት ነበር። የዘር ፍሬው ግን ከተራው ወንድ ወደ 2.5 እጥፍ ይበልጣል።

ይህ በአስተዳደግ ወይም በዕድሜ የሚመጣ አይደለም፤ ሲፈለፈል ጀምሮ የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ምክንያቱን ይፋ አደረጉ። ከ3.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአንዱ ክሮሞዞም (ዘረ መሎችን በሚሸከም ክር) ላይ ከ100 በላይ ዘረ መሎች የያዘ አንድ ቁራጭ ተገልብጦ ገባ። ቁራጩ ስለተገለበጠ ከሌላው ወላጅ ከመጣው ጥንዱ ጋር እንደ ሌላው አይቀላቀልም፤ እንዳለ እንደ አንድ ጥቅል ይወረሳል። ሴት መሳዩ የመጣው ከዚያ ነው። ነጩም ኋላ ላይ ከዚሁ ወጣ። ዋጋም አለው። ያንን የተገለበጠ ቁራጭ ከእናትም ከአባትም የወረሰ ፅንስ አይተርፍም።

ወደ አንተ ሜዳ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ራፍ በትውልድ አገሩ የሚቆየው አጭር ጊዜ ነው። ወንዱ ሥራው ጭፈራ ብቻ ስለሆነ ሰኔ ላይ ጨርሶ ይነሣል። ነሐሴ ላይ መጀመሪያ የምታያቸው ትልልቆቹ የሆኑት ለዚህ ነው። ሴቶቹ ይከተላሉ፣ የዓመቱ ልጆች ደግሞ መስከረም ላይ። ልጆቹን መንገድ የሚመራቸው የለም፤ እናቶቻቸው አብዛኞቹ ቀድመው ሄደዋል። ሲመለሱም ትልልቆቹ ይቀድማሉ። መጋቢት ላይ መሄድ ይጀምራሉ፣ ሴቶቹ እስከ ሚያዝያ ይቆያሉ። «አንድ ቀን ብድግ ብለው» ያልከው ሴቶቹን ይመስለኛል። ዘንድሮ ልብ ብለህ እይ፤ ትልልቆቹ ቀድመው ሳስተው ታገኛቸዋለህ። ወደ ደቡብ በሄድክ ቁጥር ደግሞ ወንድ እያነሰ ይመጣል። ኬንያ ላይ አብዛኛው ሴት ነው። ወንዱ የጭፈራ ቦታውን ቀድሞ ለመያዝ ከቤቱ ብዙ መራቅ አይፈልግም።

እንግዲህ ቁጠረው። ይህ ወፍ ከዓመቱ ትልቁን ክፍል የሚያሳልፈው አፍሪካ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ከውጭ የሚመጣ እንግዳ» የሚለውን አነጋገር ብዙም አልወደውም። ሳይቤሪያ ለእሱ ወላድ ቤት ነው፤ ኑሮው እዚህ ነው። የተበላሸውን የክንፍ ላባ የሚቀይረው በአብዛኛው እዚህ ነው። ክንፍ መቀየር ቀላል ሥራ አይደለም፤ አሮጌው እየወደቀ አዲሱ እስኪያድግ ብዙ ምግብ ይፈልጋል። ከዚያ ለመልስ ጉዞ የሚሆነውን ስብ ማጠራቀም ይጀምራል። የሳይቤሪያው እንቁላል ዕድል ግማሹ አንተ ጋ ጭቃው ላይ ያልቃል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አንድ ጥር ቢሾፍቱ አጠገብ ጨለለቃ ላይ ቁጭ ብዬ አንዲት ሴት ራፍ ሳይ አረፈድኩ። ከብቶች ውሃ ጠጥተው ሄደዋል። ኮቴያቸው ጭቃውን በስቶታል፤ በየኮቴው ውስጥ ስኒ የማይሞላ ውሃ ቀርቷል። ወፏ ከኮቴ ኮቴ ትሄዳለች። ምንቃሯን ትሰዳለች፣ ታወጣለች፣ ትውጣለች። አንዳንዱን ኮቴ ዘልላ ታልፈዋለች፤ ምን አይታ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። የምትለቅመው በዓይን የማይታየኝን ትል፣ የዝንብ እጭ፣ የውሃ ጥንዚዛ ነው። አንድ ጊዜ ውሃው ጠለቅ ያለበት ደረሰች፣ ሆዷ ሲነካ ተመለሰች። ነገሩ ይኸው ነው። ራፍ ሐይቅ አይፈልግም። ራፍ የሚፈልገው የሐይቁን ዳር ነው፤ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃና ለስላሳ ጭቃ። መሀል ሐይቁ ቢሞላ ቢጎድል ያ ዳር ከሌለ ሐይቁ ለእሱ የለም። እምቦጭ ያለበሰውም ዳር እንደዚሁ ነው።

ዘር ይበላል ወይ ብለህ ልትጠይቀኝ ትችላለህ። አዎ፣ ይበላል። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሩዝ ማሳ ላይ በብዛት ይውላል። አንተ ሽንኩርት ላይ ግን ምን ያደርጋል? የሚፈልገው በመስኖው ውሃ የወጣውን ትል ነው፤ ተወው ይልቀም።

ወደ አባትህ ነገር እንምጣ። እያለቁ ነው ወይ?

በዓለም ደረጃ ራፍ ዛሬም በሚሊዮን ይቆጠራል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ውስጥ አልመዘገበውም፤ ቁጥሩ እየቀነሰ መሆኑን ግን ይቀበላል። አውሮፓ ላይ ጉዳዩ የባሰ ነው። እንግሊዞች በወጥመድ ይዘው፣ ቀልበው አወፍረው ለግብዣ ያቀርቡት ነበር። ረግረጉንም አጠነፈፉት። በ19ኛው መቶ ዘመን ውስጥ የሚፈለፍል ራፍ እንግሊዝ ውስጥ አለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጥቂቶች ተመልሰው ሞከሩ። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሺዎች ይፈለፍሉ ነበር። ዛሬ በአስሮች ናቸው። ማንም በጥይት አልጨረሳቸውም። የወተት ላም እርባታው ዘመነ፣ ሜዳው ተጠነፈፈ፣ ሣሩ ቀደም ብሎ በማሽን ይታጨድ ጀመር። ጎጆው መሬት ላይ ለሆነ ወፍ ግንቦት ላይ ማጨጃ ማሽን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተ ገበሬ ነህ፣ አልነግርህም።

ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ የአባትህን ጥያቄ የሚመለከት ነው። ፍሪስላንድ የሚባለው የሆላንድ ክፍል በምዕራቡ መንገድ፣ ማለትም ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ለሚመለሱት ራፎች፣ ዋና የማረፊያ ቦታ ነበር። እዚያ የድሮ ወፍ አጥማጆች ለገበያ የሚይዙበት የመረብ ጥበብ ነበራቸው፤ በኋላ በዚያው መረብ ለተመራማሪዎች ራፍ እየያዙ ቀለበት ማሰር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት ወፎቹ ሲመዘኑ በቀን የሚጨምሩት ክብደት እያነሰ መጣ። ሜዳው አላበላቸውም ማለት ነው። ቁጥራቸውም በፍጥነት ወረደ። በዚሁ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ቤላሩስ ውስጥ፣ ፕሪፕያት ወንዝ ዳር፣ ፍሪስላንድ ላይ ቀለበት የታሰረላቸው ወፎች መታየት ጀመሩ። ማለትም የጠፋው ሁሉ አልሞተም። መንገድ ቀይሮ ሄዷል።

ስለዚህ አባትህ ልክ ናቸው፤ የተናገሩት ግን ስለዚያ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ራፍ አነሰ ማለት ራፍ አለቀ ማለት ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ሜዳው ራሱ ነው። ወፍ ይዞታውን ቀይሮ መሄድ የሚችለው ደግሞ ሌላ የሚሄድበት ሲኖር ብቻ ነው።

ከአንተ በስተደቡብ ያለውን አብያታን ውሰድ። መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በሚመጣለት ውሃ ነው። ከላይ ለመስኖ ተሳበ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው) ማምረቻ ተቀዳ። ሐይቁ ሸሸ። ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ይብራዎች (ፔሊካኖች) የዓሣ ማጀታቸውን አጡ። የውሃ ዳር ወፎች ግን መጀመሪያ ላይ ተጠቀሙ፤ ውሃ ሲሸሽ አዲስ ጭቃ ይወጣላ! ለዚህ ነው ቁጥር ብቻ አይቶ መፍረድ የሚያሳስተው። ጭቃው ቆይቶ ነጭ ቅርፊት ሲሆን ግን የሚለቀም የለም።

አገራችን በአፍሪካና በዩሬዥያ የሚመላለሱ የውሃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገውን ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተቀብላለች። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ዳር ላይ ያለውን ጭቃ የሚወስነው ግን እንደ አንተ ያለው ሰው ነው፤ ስለዚህ ከጠየቅከኝ አይቀር ልንገርህ።

ውሃው ሲሸሽ እስከ መጨረሻው ጠርዝ ድረስ አትከተለው። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ተውለት። የዳሩ ሽንኩርት ውሃ ሲመለስ እንደሚበሰብስብህ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የመድኃኒት መርጫህን ሐይቁ ዳር አትጠብ። ማሳህ ውስጥ ራቅ አድርገህ እጠበው፤ ራፉ የሚለቅመው ትል ያለው እዚያው ዳር ላይ ነው፤ ያንኑ ውሃ የሰፈሩ ሰው ይቀዳል። ከብት መግባቱ አያስፈራህ፤ በልክ ከሆነ ሣሩን አሳጥሮ፣ ጭቃውን በስቶ ይጠቅመዋል። የሞቱ ወፎች ብዛት ካላቸው ግን በእጅህ አትንካ፤ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ንገር።

እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ሞቶ ካገኘህ ቀለበቱን ፎቶ አንሣ። ላዩ ላይ ቁጥርና የአንድ ከተማ ስም ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ሞስኮ ይሆናል። ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፈህ ላክልኝ፤ በሕይወት ካለ ወፍ እግር ግን ቀለበት አይወልቅም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጥር ላይ የውሃ ወፎችን የሚቆጥሩ ሰዎችን ያስተባብራል። ቆጣሪዎቹ አንተ ሜዳ አጠገብ ካለፉ አብረሃቸው ውረድ። እነሱ በዓመት አንዴ ነው የሚመጡት፤ አንተ በየቀኑ እዚያው ነህ። አባትህንም ይዘሃቸው ሂድ። ውሃው ድሮ እስከየት ይደርስ እንደነበር በጣታቸው ያሳዩአቸው፤ ያንን የሚያሳይ ካርታ የትም ቢሮ አታገኝም።

ሌላ አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ትልልቆቹ ከመሄዳቸው በፊት፣ ጠዋት ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ደረታቸውንና ጀርባቸውን እይ። ቡናማው ላይ ጥቁር ጥቁር ላባ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብሎ ታያለህ። የካባው ዘመን መቃረቡ ነው። ቀሪውን መንገድ ላይ ይጨርሱታል፤ እኛ አናየውም። በዚያ ሰሞን ያነሣኸውን ፎቶ ላክልኝ፤ ዘንድሮ ስልክህን ትንሽ ጠጋ አድርገው።